ቤዝ ጊታር፦ ከሌሊት ሥራ የተወለደ መሣሪያ

በዘመናዊ ባንድ ውስጥ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚሰጠው፣ ከድራሙ ጋር ተጣምሮ ምቱንና የዜማውን መሠረት የሚይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወፋፍራም የብረት ክሮች ያሉት የኤሌክትሪክ ጊታር ቤዝ ጊታር ይባላል። ተራ አድማጭ ይህን መሣሪያ ለይቶ አያዳምጠውም፤ ድንገት ሲቋረጥ ግን ሙዚቃው መሳሳቱን ለመረዳት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም። ስለ ቤዝ ጊታር የሚጻፉ ታሪኮች አብዛኛውን ቦታ የሚሰጡት ለፈልሳፊዎቹ ብልሃትና ለዝነኛ ተጫዋቾቹ ችሎታ ነው። ሆኖም የመሣሪያው ርዝመት፣ ክብደት፣ ክርና ማጉያ የዛሬ መልካቸውን ለምን እንደያዙ አንድ በአንድ ሲመረመር ከሁለቱም የሚቀድም ምክንያት ይገኛል። ይኸውም ማታ ማታ በዳንስ አዳራሽ፣ በሆቴልና በምሽት ክበብ ሲጫወት የሚያመሽ ተቀጣሪ ሙዚቀኛ የሚገጥመው የሥራ ችግር ነው፤ ዕቃውን ተሸክሞ መድረስ፣ በጩኸት መካከል መሰማትና እስከ ሥራው ፍጻሜ ከቅኝት ሳይወጡ መቆየት። ይህ ጽሑፍ ታሪኩን ከዚሁ አቅጣጫ በመከተል መጀመሪያ መሣሪያው በተወለደበት በአሜሪካ፣ ቀጥሎም የመሣሪያው ባለቤትነት ራሱ ዋነኛ ጥያቄ በሆነበት በአዲስ አበባ ይመለከተዋል። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ደብል ቤዝና የዳንስ አዳራሹ

ከቤዝ ጊታር በፊት ዝቅተኛውን ድምፅ የመያዝ ኃላፊነት የደብል ቤዝ ነበር። ደብል ቤዝ በቫዮሊን አምሳል የተሠራ፣ ቁመቱ ከረጅም ሰው ቁመት ጋር የሚስተካከል፣ ተጫዋቹ ከጎኑ ቆሞ በጣቱ እየነካካ ወይም በደጋን እየገዘገዘ የሚጫወተው ትልቅ መሣሪያ ነው። ድምፁ የሚጎላው በባዶው የእንጨት ሣጥን ብቻ በመሆኑ ጸጥ ባለ አዳራሽ በቂ ነው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የነበረው የአሜሪካ የዳንስ ሙዚቃ ግን በጥሩምባ፣ በትሮምቦን፣ በሳክስፎንና በድራም የሚመራ ስለነበር፣ የደብል ቤዙ ድምፅ በዚያ ሁሉ መካከል ይዋጥ ነበር።

ጊታር ለተመሳሳይ ችግር መፍትሔ ያገኘው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በፒክአፕ አማካይነት ነው። ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲሆን፣ የብረት ክር በአጠገቡ ሲርገበገብ የሚፈጠረውን የመግነጢስ ለውጥ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ቀይሮ ወደ ድምፅ ማጉያው ይልካል። የደብል ቤዝ ክር ግን በዚያ ዘመን በአብዛኛው ከእንስሳት አንጀት ይሠራ ስለነበር ማግኔቱ ሊይዘው አይችልም ነበር። በዚህም የተነሣ ጊታሪስቱ ድምፁን ከጥሩምባው እኩል ሲያደርስ ቤዝ ተጫዋቹ ወደ ኋላ ቀረ።

የመሰማቱ ችግር ሌላ ችግር አስከተለ። የደብል ቤዝ አንገት ፍሬት የለውም፤ ፍሬት ማለት በጊታር አንገት ላይ ተራ በተራ የተተከሉት፣ ጣት ከበስተኋላቸው ሲጫን የድምፁን ከፍታ የሚወስኑት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ፍሬት የሌለው መሣሪያ የሚጫወት ሰው ጣቱን በትክክለኛው ቦታ የሚያሳርፈው ጆሮው እየመራው ነው። የራሱን ድምፅ በማይሰማበት መድረክ ላይ የቆመ ተጫዋች ይህ መሪ ስለሚጎድለው፣ ጥሩ ባለሙያ እንኳ ቢሆን ከቅኝት ይወጣል። በዚህ ላይ የማጓጓዙ ጣጣ ይጨመራል፤ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የሚሠራ ባንድ ደብል ቤዙን በመኪና ጣሪያ ላይ አስሮ ለመጓዝ ይገደድ ነበር፤ ፀሐይና ዝናብ ደግሞ እንጨቱን ያጣምሙታል ወይም ይሰነጥቁታል።

ለእነዚህ ችግሮች በየፊናቸው መልስ የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። በሲያትል ከተማ ሙዚቀኛና የሙዚቃ አስተማሪ የነበረው ፖል ታትማርክ በ1930ዎቹ አጋማሽ ፍሬት ያለው፣ አካሉ ድፍን እንጨት የሆነ፣ እንደ ጊታር አግድም ተይዞ የሚጫወቱት የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ኦዲዮቮክስ በሚል ስም ለሽያጭ አቀረበ። ሐሳቡ የተሟላ ቢሆንም መሣሪያው ከአካባቢው ብዙም ሳያልፍ ቀረ። ኤቨረት ሃል የተባለ ቤዝ ተጫዋች ደግሞ ደብል ቤዙን እንዳለ ትቶ፣ መሣሪያው መሬት ላይ በሚቆምበት ዘንግ ውስጥ ማይክሮፎን የሚገባበትን ዘዴ በ1946 አወጣ፤ በቤዝ ማጉያዎቹ ኋላ ስሙ የገነነው አምፔግ የተባለው ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ ሥራ ነው። የታትማርክ መሣሪያ ገበያ ሲያጣ የሃል ዘዴ ድምፁን አጎላ እንጂ ሸክሙን አላቀለለም፤ ሁለቱን ችግሮች በአንድነት ፈትቶ በገበያም የተሳካለት ሰው የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው።

የራዲዮ ጠጋኙ መልስ

ሊዮ ፌንደር (1909–1991) ጊታር መጫወት የማይችል፣ በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ ራዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። የአካባቢው ሙዚቀኞች የተበላሸ ማጉያቸውን ለጥገና ሲያመጡለት ብሶታቸውንም አብረው ያመጡ ነበርና፣ ፌንደር ስለ መድረክ ሥራ ያወቀው ከእነርሱ በመስማት ነው። በ1950 ለገበያ ያቀረበው የኤሌክትሪክ ጊታር አካሉ ባዶ ሣጥን ሳይሆን ድፍን እንጨት፣ አንገቱ በብሎን የሚታሰር ነበር፤ አንገቱ ቢበላሽ ብሎኑን ፈትቶ ሌላ መግጠም ይቻላል። ይህንኑ አሠራር ወደ ዝቅተኛው ድምፅ በመውሰድ በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን መሣሪያ አወጣ።

የፕሪሲዥን ቤዝ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚርገበገበው ርዝመት 34 ኢንች ወይም ከ86 ሳንቲ ሜትር በጥቂት የሚበልጥ ነው፤ በደብል ቤዝ ይህ ርዝመት ከ1 ሜትር ያልፋል። ክሮቹ ከብረት የተሠሩ በመሆናቸው ፒክአፑ ይይዛቸዋል፤ አንገቱ ፍሬት ስላለው ተጫዋቹ ራሱን ባይሰማ እንኳ ጣቱ ከትክክለኛው ድምፅ አይወጣም። አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በሚ፣ በላ፣ በሬና በሶል የሚቃኙ ሲሆን፣ ይህ የደብል ቤዙ ቅኝት ሳይለወጥ የተወሰደ ነው። ይኸው ቅኝት ከጊታር አራት ወፋፍራም ክሮች ጋር አንድ ሆኖ በአንድ ኦክቴቭ፣ ማለትም በስምንት የድምፅ ደረጃ፣ ዝቅ ያለ ነው። ስለሆነም ደብል ቤዝ የሚያውቅ ሰው አዲሱን መሣሪያ ሲይዝ የት ምን እንዳለ ያውቃል፤ ጊታር የሚያውቅም እንዲሁ። በሥራ ገበያው ላይ የዚህ ውጤት ቀላል አልነበረም፤ የባንድ መሪ ሁለተኛ ጊታሪስቱን ቤዝ አስይዞ አንድ ደመወዝ ሊያተርፍ ይችላል፤ ጊታሪስቱም ሁለት መሣሪያ መጫወት መቻሉ የሥራ ዕድሉን ያሰፋለታል።

መሣሪያውን ቀድመው ከያዙት መካከል በቪብራፎኒስቱ ላየነል ሃምፕተን ባንድ የነበሩ ቤዝ ተጫዋቾች ይገኙበታል። ከእነርሱ አንዱ፣ የጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪ ወንድም መንክ ሞንትጎመሪ፣ በ1953 ከባንዱ ጋር እየዞረ በዚሁ መሣሪያ ተጫውቷል። ብዙ የጃዝ ሙዚቀኞች መሣሪያውን እንደ መጫወቻ ቆጥረው ቢያጣጥሉትም፣ በዳንስና በሮክ ባንዶች ዘንድ የነበረው አቀባበል የተለየ ነበር፤ ከኤልቪስ ፕሪስሊ ጋር ደብል ቤዝ ሲጫወት የነበረው ቢል ብላክ እንኳ በ1957 የኤሌክትሪኩን ቤዝ ይዞ ይቀረጽ ጀመር። በዚያው ዓመት ፌንደር የፒክአፑን ንድፍ ለሁለት ከፍሎ ለወጠው። ሁለቱ ግማሾች በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠሙ በመሆናቸው፣ ከመብራትና ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው እምምታ በአንደኛው ሲገባ በሌላኛው ይሰረዛል፤ ይህም በአምፖልና በሽቦ በተሞላ መድረክ ላይ ለሚሠራ ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር። በ1960 ደግሞ አንገቱ ቀጠን ያለና ሁለት ፒክአፕ ያለው ጃዝ ቤዝ ተከተለ። ዛሬ በየሙዚቃ ዕቃ መደብሩ የሚሰቀሉት ቤዝ ጊታሮች አብዛኞቹ የእነዚህ የሁለቱ ዝርያዎች ናቸው።

ማጉያው፦ የክብደቱ መመለስ

የኤሌክትሪክ ቤዝ ያለ ማጉያ ከእንጨት ቁራጭ አይሻልምና፣ ከመሣሪያው የወረደው ሸክም ወደ ማጉያው ተዛወረ። ምክንያቱ የድምፅ ተፈጥሮ ነው። ዝቅተኛ ድምፅ በእኩል ጉልበት እንዲሰማ ከከፍተኛው ድምፅ ይልቅ ብዙ አየር መንቀሳቀስ አለበት፤ ብዙ አየር ለማንቀሳቀስ ደግሞ ሰፊ ስፒከር፣ ትልቅ ሣጥንና ብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ያስፈልጋል። ፌንደር በ1952 ያወጣው ቤዝማን የተባለው የመጀመሪያ የቤዝ ማጉያው ባለ 15 ኢንች አንድ ስፒከር ነበረው፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ተቀየረ። የሚገርመው ግን ይህ ለቤዝ የተሠራ ማጉያ በጊታሪስቶች መወደዱ ነው፤ ለንደን ውስጥ የሙዚቃ ዕቃ መደብር የነበረው ጂም ማርሻል በ1962 የመጀመሪያውን የጊታር ማጉያ ሲሠራ ንድፉን የቀዳው ከቤዝማን ነው። ቤዝ ተጫዋቾች በበኩላቸው ሌላ መልስ መጠበቅ ነበረባቸው።

መልሱ በ1960 ከአምፔግ መጣ። ፖርታፍሌክስ የተባለው ማጉያ ባለ 25 ዋት ሲሆን፣ በመድረክ ላይ ከስፒከር ሣጥኑ በላይ የሚቆመው የኤሌክትሪክ ክፍሉ ሥራ ሲያልቅ ተገልብጦ ወደ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፤ በዚህም ምልክቱን የሚያጎላው፣ የሚግልና በቀላሉ የሚሰበረው የመስተዋት ቫልቭ በጉዞ ላይ ይጠበቃል፤ ሣጥኑም በጎማ እየተገፋ ይሄዳል። ይህ ማጉያ ለክበብና ለስቱዲዮ የተመጠነ ነበር። የሮክ ሙዚቃ ወደ ስታዲየም ሲገባ ግን 25 ዋት ምንም አልነበረም። አምፔግ በ1969 ያወጣውና ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጉዟቸው የተጠቀሙበት ኤስቪቲ 300 ዋት ኃይል፣ 14 ቫልቮችና ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮችን የያዘ ሣጥን ነበረው፤ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ብቻውን ወደ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ደብል ቤዙን ከመኪና ጣሪያ ለማውረድ የተደረገው ሁሉ ተደርጎ፣ 20 ዓመት ሳይሞላ ቤዝ ተጫዋቹ ሁለት ሰው የሚያነሣው ሣጥን ባለቤት ሆነ።

ከዚህ ሸክም የገላገሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከመሣሪያው የሚወጣውን ምልክት ማጉያ ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚያስተላልፈው፣ በሙዚቀኞች ዘንድ ዲአይ ቦክስ እየተባለ የሚጠራው ትንሽ ሣጥን ነው፤ የአዳራሹ ትልልቅ ስፒከሮች ሥራውን ሲረከቡ የመድረኩ ማጉያ ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ብቻ ሆነ። ሁለተኛው በ2000ዎቹ የተስፋፋው ክላስ ዲ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ አሠራር ነው፤ ኃይልን ያለ ማቋረጥ ከማፍሰስ ይልቅ በከፍተኛ ፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለሚሠራ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ጥቂት ነው፤ ከባዱን የብረት ትራንስፎርመርም አይፈልግም። ኒዮዲሚየም ከተባለው ቀላል ማግኔት ከሚሠሩ ስፒከሮች ጋር ሲጣመር፣ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል 2 ወይም 3 ኪሎ ግራም ዕቃ ከ1969ኙ ኤስቪቲ የሚስተካከል ኃይል ይሰጣል። በቀን ሌላ ሥራ ውሎ ቅዳሜ ማታ ብቻ በክበብ ለሚጫወት አማተር፣ በታሪኩ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ አልመጣለትም።

ክርና ጣት

ማጉያው የድምፁን መጠን ሲወስን የድምፁን ጠባይ የሚወስኑት ክርና ጣት ናቸው። የቤዝ ክር በመሐሉ ባለ ሽቦ ላይ ሌላ ሽቦ በመጠምጠም ይሠራል፤ ተጠምጣሚው ሽቦ ጠፍጣፋ ሲሆን ክሩ ለስላሳ፣ ድምፁም የታፈነና ሙሉ ይሆናል፤ ክብ ሲሆን ደግሞ ክሩ ሻካራ፣ ድምፁ ብሩህና ረጅም ይሆናል። የጠፍጣፋው ዓይነት ታላቅ ምሳሌ በዲትሮይት ከተማ የሞታውን የሙዚቃ ኩባንያ ቤዝ ተጫዋች የነበረው ጄምስ ጀመርሰን (1936–1983) ነው። ጀመርሰን ከደብል ቤዝ የመጣ ሰው በመሆኑ ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ብቻ ነበር። በ1962 የተሠራው ፕሪሲዥን ቤዙ ክሮች ከአንገቱ ከፍ ብለው የተወጠሩ፣ ለሌላ ሰው ጣት የሚከብዱ ነበሩ፤ ክሮቹ ከሚታሰሩበት ድልድይ ክዳን ሥር የነበረው ስፖንጅ የእያንዳንዱን ድምፅ ጅራት ይቆርጥ ነበር፤ ክሮቹንም ካልተበጠሱ በስተቀር እንደማይቀይር ይነገርለታል። እንዲህ የተደራጀ መሣሪያ ሲመታ ድምፁ አጭርና ወፍራም ሆኖ ከድራሙ የእግር ምት ጋር ይዋሐዳል፤ በዚህም ጀመርሰን ብዙ ድምፆችን እያከታተለ ቢጫወት እንኳ የዘፋኙን ቦታ አይሻማም። የሞታውን ሙዚቀኞች ቀን በስቱዲዮ፣ ማታ በዲትሮይት ክበቦች የሚሠሩ ቅጥር ሠራተኞች ነበሩና፣ ስማቸው በኩባንያው ዋና የሸክላ ሽፋን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠፈረው በ1971 በወጣው የዘፋኙ የማርቪን ጌይ አልበም ላይ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር አብዛኞቹ ከሥራቸው ተለያዩ።

በሎስ አንጀለስ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች መካከል ስሟ የሚጠቀሰው ካሮል ኬይ ጊታሪስት ነበረች፤ በ1963 ለቀረጻ የተጠራ ቤዝ ተጫዋች በመቅረቱ መሣሪያውን አንሥታ በዚያው ቀጠለች። ሦስትና አራት ጊታር ተሸክሞ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ከመዞር አንድ ቤዝ መያዝ እንደሚቀል መናገሯ፣ የመሣሪያው ታሪክ ከሸክም ጋር ምን ያህል እንደተያያዘ ያሳያል። የክቡ ሽቦ ክር መስፋፋት ደግሞ የመሰማት ጥያቄ ውጤት ነው፤ የዘ ሁ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጆን ኤንትዊስል ከጊታሩና ከድራሙ ጩኸት በላይ ለመውጣት ብሩህ ክር ይፈልግ ነበርና በ1966 ሮቶሳውንድ ከተባለው የእንግሊዝ ክር ሠሪ ጋር አብሮ አስሠራ። በአውራ ጣት ክሩን እየመቱና በሌላ ጣት እየነጠቁ መጫወት፣ ስላፕ የሚባለው ስልት፣ የጀመረበት ሁኔታም ከዚህ አይርቅም፤ ላሪ ግራሃም ከእናቱ ጋር በሳን ፍራንሲስኮ ሲሠራ ድራመር ስላልነበራቸው የድራሙን ምት በአውራ ጣቱ ለመተካት የፈጠረው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ፍሬቱን ከጃዝ ቤዙ ነቅሎ ወደ ደብል ቤዙ ጠባይ የተመለሰው ጃኮ ፓስቶሪየስ በ1976 ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ሲሰማ ብዙዎች የመሣሪያው ወሰን የት ድረስ እንደሆነ እንደገና ጠየቁ፤ ያለ ፍሬት መጫወት የቻለው ግን ማጉያው አድጎ ተጫዋቹ ራሱን በግልጽ በሚሰማበት ዘመን ስለኖረ ነው።

የዋጋው ጉዳይም ከታሪኩ ሊነጠል አይችልም። በብሪታንያ የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ እንዳይገባ ተጥሎ የነበረው ገደብ እስከ 1959 የቆየ ሲሆን ከተነሣም በኋላ ዋጋው ለወጣት ሙዚቀኛ አይቀመስም ነበር። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ፖል ማካርትኒ በ1961 በሃምቡርግ ክበቦች ሌሊቱን ሲጫወት የገዛው ሆፍነር የተባለው የጀርመን ቤዝ ዋጋው 30 ፓውንድ ገደማ፣ አካሉ ባዶ ሣጥን ስለሆነም ክብደቱ ቀላል ነበር። በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የአሜሪካኖቹን ንድፍ በርካሽ መሥራት ሲጀምሩ፣ የፌንደር ኩባንያ ራሱ በ1982 በጃፓን ማሠራት እስከ መጀመር ደረሰ፤ ደመወዙ ከሙዚቃ ያልሆነ ሰው የራሱ ቤዝ ሊኖረው የቻለው ከዚህ ወዲህ ነው።

አዲስ አበባ፦ መሣሪያው የማን ነው

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ የተመሠረተው በተቋም ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የመንግሥት የማርሽ ባንድ ሆነው ከተቀጠሩበት ጊዜ ጀምሮ፣ የነፋስና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ያለው የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ወይም በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር። ሙዚቀኛው የወር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ሲሆን መሣሪያው የተቋሙ ንብረት ነበር። በ1960ዎቹ የምሽት ክበቦች ሲበዙም ሁኔታው በመሠረቱ አልተለወጠም፤ መሣሪያ ገዝቶ የሚያስቀምጠው የክበቡ ባለቤት ነበርና፣ ሙዚቀኛው ሥራውን ሲለቅ ባዶ እጁን ይወጣል። አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ምን መሣሪያ ይሻለኛል ብሎ ሲያማርጥ፣ የአዲስ አበባው ተጫዋች የቀረበለትን ከመጫወት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ሌላው ልዩነት የሙዚቃው ነው። የአዝማሪ ሙዚቃ በማሲንቆ፣ በክራር፣ በዋሽንትና በከበሮ የሚጫወት ሲሆን ዝቅተኛ ድምፅ ያለው ባለ አሥር ክሩ በገና ለመንፈሳዊ ዜማ የተለየ ነው፤ ዛሬ በባህል ባንዶች የሚታየው ቤዝ ክራር የተሠራው በዘመናዊው ቤዝ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ቤዝ ተጫዋቹ ከሀገሩ የዳንስ ሙዚቃ የሚወርሰው የተዘጋጀ ሥርዓት አልነበረም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸውና፣ ቤዙ ከአምስቱ ውጪ የሆነ ድምፅ ካስገባ የቅኝቱ መልክ ይጠፋል። ችክችካ በሚባለው ምት ደግሞ አንድ ዙር ስድስት ቀላል ምቶች ስላሉት እነርሱን ሁለት ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ መቁጠር ይቻላል፤ ድራሙ በአንደኛው ሲቆጥር ቤዙ በሌላኛው ከተቃረነው ዳንሰኛው በሁለቱ መካከል የሚሳብበት ውጥረት ይፈጠራል። ከዚህ የተነሣ የኢትዮጵያ ቤዝ አጨዋወት ከኮርድ ወደ ኮርድ ከመጓዝ ይልቅ አጭር ሐረግን እየደጋገመ ምቱን የሚያጠብቅ ሆነ፤ ፍሬትና የብረት ክር ያለው መሣሪያ ለዚህ የተመቸ ነበር።

የባለቤትነቱን ሥርዓት ከለወጡት መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው ዋልያስ ባንድ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ይህ ባንድ የራሱን መሣሪያ ገዝቶ ውሉን በራሱ ስም የሚዋዋል ቡድን ነበርና በአዲስ አበባ ሂልተን የረጅም ጊዜ ሥራ ያዘ፤ ቤዝ ተጫዋቹ መላከ ገብሬ፣ ኦርጋኒስቱ ኃይሉ መርጊያ ነበሩ፤ በ1977 ያወጡት «ቸ በለው» ያለ ዘፋኝ የተቀረጸ አልበም ነው። በተመሳሳይ ዘመን ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩምና ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ የነበሩበት ኢቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አህመድ ጋር በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ቀረጸ፤ ባንዱ ኋላ ሮሃ በሚል ስም የካሴት ዘመኑን ዘፋኞች አብዛኞቹን አጅቧል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የታወጀው ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሥራ መልክ ለወጠው፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ እንግዳው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም አብሮ ያነጋ ነበር።

አማተሩ ወደ መሣሪያው የቀረበበት በር የተከፈተው በዚሁ ዘመን ነው። በየቀበሌውና በየከፍተኛው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች አላማቸው የአብዮቱን መልእክት ማሰራጨት ቢሆንም፣ አንዳንዶቹ ዘመናዊ መሣሪያ ነበራቸውና ክፍያ የማያገኝ ወጣት ከትምህርት ቤት መልስ ጊታር ወይም ቤዝ የሚነካበት ዕድል ሰጡ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት በባንዶች ውስጥ የታወቁ ብዙ ሙዚቀኞች የወጡት ከዚያ ነው። መሣሪያው ግን እዚህም የቀበሌው ነበር።

ዋልያስ በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ መላከ ገብሬንና ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከአባላቱ አራቱ በዚያው ቀሩ። በዋሽንግተን ዙሪያ የተሰባሰበው ማኅበረሰብ ሙዚቃም የራሱን መንገድ ያዘ፤ ቤዝ ተጫዋቹ ሔኖክ ተመስገን የነበረበት አድማስ ባንድ በ1984 አልበም አወጣ፤ ኃይሉ መርጊያ ደግሞ በ1985 አኮርዲዮንን፣ ኪቦርድንና የድራም ማሽንን ብቻውን አቀናጅቶ ቀረጸ። ይህ የአንድ ሰው ሥራ የመጪውን ዘመን አመላካች ነበር። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥም የኪቦርድ ተጫዋቹ በግራ እጁ ቤዙን፣ በማሽኑ ድራሙን እየያዘ ዘፋኝ ማጀብ ሲጀምር፣ የክበቡን ባለቤት አንድ ደመወዝ ብቻ የሚያስከፍለው ይህ አሠራር ቤዝ ተጫዋቾችን ከሥራ አስወጣ። በ1950ዎቹ ደብል ቤዝ ተጫዋቹን ያፈናቀለው የሒሳብ ስሌት ራሱን ቤዝ ጊታሩን እንዳፈናቀለው ልብ ይሏል።

የቤዝ ጊታሩ መመለስ የመጣው አድማጩ የቀጥታ ሙዚቃን እንደገና ሲፈልግ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ እትም የድሮዎቹ ቅጂዎች በዓለም ሲሰሙ፣ አዲስ አበባ ውስጥም ጃዝ የሚጫወትባቸው ቤቶች በዙ፤ በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝአምባ በ2015 መጀመሪያ በቃጠሎ እስከ ወደመ ድረስ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ሔኖክ ተመስገንም ወደ ሀገሩ ተመልሶ በመድረክና በማስተማር ሥራ ተሰማርቷል።

ዕቃን የመምረጫ መስፈርት

በ1960ዎቹ የተሠሩ ቤዞች ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ፤ ለእንጨታቸው ዕድሜና ለቀለማቸው መፋቅ ጭምር ዋጋ የሚሰጣቸው ሰብሳቢዎች አሏቸው። ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ግን ለዚህ አምልኮ ብዙም ድጋፍ አይሰጥም። ፕሪሲዥን ቤዝ ሲወለድ በብሎን የሚፈታ የፋብሪካ ዕቃ፣ ሆፍነሩ የተገዛው ርካሽ ስለነበረ፣ የጀመርሰን ቤዝም ከመደብር የወጣ ተራ መሣሪያ ነበር፤ ልዩ ያደረጋቸው የተሠሩበት ዓመት ሳይሆን የተሠራባቸው ሥራ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቤዝና ማጉያ ለመግዛት የሚያስብ አማተር ከታሪኩ የሚያገኘው መስፈርት የመጀመሪያዎቹ ሙዚቀኞች ፌንደር ዘንድ ይዘውት የሄዱት ያው ጥያቄ ነው፤ ዕቃውን ብቻውን ተሸክሞ ይደርሳል ወይ፣ ከድራሙ ጋር ሲሆን ይሰማል ወይ፣ እስከ መጨረሻው ዘፈን ከቅኝት ሳይወጣ ይቆያል ወይ የሚለው ነው። የአዲስ አበባ ታሪክ አራተኛ ጥያቄ ይጨምርበታል፤ እርሱም ዕቃው የማን ነው የሚለው ነው። የክብር ዘበኛው፣ የክበቡ ባለቤትና ቀበሌው በየዘመናቸው ሙዚቀኛ አፍርተዋል፤ ነገር ግን ሙዚቀኛው የሚጫወትበትን ቦታ፣ የሚሠራበትን ሰዓትና የሚቀበለውን ክፍያ ራሱ መደራደር የቻለው እንደ ዋልያስ መሣሪያውን የራሱ ባደረገ ጊዜ ነው። ከጥቂት ደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛ ርካሽ ቤዝ በዚህ ሚዛን ሲታይ በሰብሳቢው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠው የበለጠ ዋጋ አለው።